የሃያኛ ዓመታችን የውኃ ዳር መንገድ

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ሃያ ዓመት ይሞላናል። ያን ጊዜ እሑድ ነበር፤ ዘንድሮ ሐሙስ ላይ ይውላል። በኅዳር መጨረሻ አንድ ምሽት ቡና እየተፈላ ሳለ "ሃያኛውን በምን እናክብረው?" ብዬ ስጠይቃት ድግስ፣ ወይም ቢበዛ የጆሮ ወርቅ ትጠራልኛለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አንሥታ ማቶቱ ላይ እያሳረፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል "ባሕር አሳየኝ" አለችኝ።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለመገመት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን አንድ ትልቅ ዛጎል አለ። ጀርባው እሾህ እሾህ ያለው፣ ከእሾሆቹ አንዱ ተሰብሮ በሙጫ የተጣበቀ፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ሲገባ እንደ ሕፃን ድድ የሚቀላ ነው። አማቼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከአሰብ ወደ መሀል አገር ጭነት የሚያመላልሱ የኤንትሬ ሾፌር ነበሩ፤ ከብዙ ጉዞዎቻቸው በአንዱ ይህን ዛጎል በጋቢናቸው ውስጥ በአሮጌ ሹራብ ጠቅልለው አመጡላት። "ማትሪክ ተፈትነሽ ስትጨርሺ እኔው ራሴ እወስድሻለሁ" ብለዋትም ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ እርሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ መሪውን ለቀቁ። ስለዚህ ባለቤቴ ባሕርን የምታውቀው ዛጎሉን ጆሮዋ ላይ ስትደግን በሚሰማት ድምፅ ብቻ ነው። ያ ድምፅ የባሕር አለመሆኑን፣ ዛጎሉ በዙሪያው ያለውን ጫጫታ እያስተጋባ መሆኑን ላስረዳት አንድ ጊዜ ሞክሬ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች፤ ማኩረፏም ትክክል ነበር።

በነገራችን ላይ አዳማ የሚኖር ሰው ባሕርን ጨርሶ ረስቶ መዋል አይችልም። ሌሊቱን ሙሉ ተሳቢ የጎተቱ ከባድ መኪኖች ወደ ጅቡቲ ይወርዳሉ፣ ከጅቡቲ ይወጣሉ፤ በሰፈራችን ቡና ቤት ደጃፍ ላይ የሚቀመጠው ሾፌር ትናንት ጠዋት ወደብ ላይ የነበረ ሊሆን ይችላል። የምንለብሰው፣ የምንነዳው፣ የምንጠግንበት ብሎን ሁሉ በባሕር መጥቶ በደጃችን ያልፋል። እኛ ግን ወደ መጣበት ሄደን አናውቅም። ከከተማችን አጠገብ የሚያልፈው አዋሽ እንኳ ያንን ያህል በረሃ አቋርጦ ወደ ባሕሩ ከተጠጋ በኋላ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዕቅዴ ጅቡቲ ነበር። የሰፈራችንን አንድ አንጋፋ ሾፌር ቡና ጋብዤ "ጋሼ፣ በቤት መኪና ይደረሳል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም መጀመሪያ ከት ብለው ሳቁ፣ ቀጥለው ደግሞ ከልባቸው አስረዱኝ። ከጋላፊ ድንበር በኋላ ስላለው ሙቀት፣ ለመኪናው ስለሚያስፈልገው ወረቀት፣ ስለ መንገዱ መጎዳት ነገሩኝ። የባሕር ዳር መንገድ የሚባለውን ነገር ግን ያወቅሁት እዚያ ላይ ነው። ዋናው መስመር ጭነት ወደ ወደቡ ለማድረስ የተሠራ እንጂ ለእይታ የተሠራ አይደለም፤ ከእርሱ ተገንጥሎ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው የአሳል የጨው ሐይቅ አቅጣጫ የሚወስደው መንገድ ግን የጉቤትን ሰርጥ እያሳየ ወጥቶ፣ የባሕረ ሰላጤውን ሰሜናዊ ዳርቻ ይዞ እስከ ታጁራ ይዘልቃል። ወቅቱም የሚመች ነው፤ በበጋችን ወራት ሙቀቱ ይበርዳል፣ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣም በባሕረ ሰላጤው ውስጥ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ሳልዋሽ፣ ሁለት ሌሊት ስለዚያ መንገድ አልሜያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ግን ብዕርና ወረቀት ያዝኩ። የሁለታችንም ፓስፖርት ጊዜው አልፎበታል። የአንድ መንገድ ርቀቱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የኛ ቪትዝ ደግሞ ከአዳማ ደብረ ዘይት ደርሳ ስትመለስ እንኳ ማስመሰገን የሚገባት መኪና ናት። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ስለሆነ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ሲመነዘር የሚሰጠው ቁጥር የታናሽ ልጃችንን የትምህርት ቤት ክፍያ ያስታውሰኝ ጀመር። ለሦስት ሌሊት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ልከፍል አልደፈርኩም። ይህን ለባለቤቴ እንዴት እንደምነግራት ሳሰላስል ቀድማ አወቀችብኝና "ባሕር ስልህ የግድ ጨው ይኑረው አልኩህ?" አለችኝ።

ይህ አነጋገሯ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በአማርኛችን ባሕር የሚለው ቃል ሐይቁንም የሚያጠቃልል ስለሆነ ባሕር ዳር የምንላት ከተማ የቆመችው በጣና ሐይቅ ዳርቻ ላይ ነው፤ የጥንት ሰዎችም ጣናን ባሕር ሲሉ የተሳሳቱ አይመስለኝም። ከማዶ ያለውን ዳርቻ አጥርቶ ማየት ለማይችል ሰው የጨው መኖርና አለመኖር ሁለተኛ ጉዳይ ነው። እንዲህ ካሰብኩ በኋላ መንገዱ ከአፍንጫዬ ሥር መሆኑ ገባኝ፤ ከአዳማ ወደ ሞጆ፣ ከሞጆ በስምጥ ሸለቆው ወገብ ወደ ሐዋሳ። ቆቃ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታ፣ ሻላ፣ በመጨረሻም የሐዋሳ ሐይቅ። በሁለት መቶና ከዚያ ትንሽ ከፍ በሚል ኪሎ ሜትር ውስጥ ስድስት የውኃ ዳርቻ።

የሚያሳፍረው ነገር ይህን መንገድ አሳምሬ የማውቀው መሆኑ ነው። የባለቤቴ ታላቅ እህት ሐዋሳ ስለምትኖር በነዚህ ሃያ ዓመታት ውስጥ ከአርባ ጊዜ ያላነሰ ተመላልሰናል። ነገር ግን የሄድነው ወይ ለቅሶ ለመድረስ፣ ወይ ሠርግ ለመብላት፣ ወይ ክርስትና ለማንሣት ነው። ለቀብር የሚደርስ ሰው ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ይነሣል፣ ዝዋይን በጨለማ ያልፋል፣ ላንጋኖ ሲደርስ ሰዓቱን እያየ ይነዳል። ስንመለስም ልጆቹ ተኝተው፣ ማዳበሪያ ሙሉ ድንችና ጎመን ጭነን፣ ሳይመሽብን ለመግባት እንቸኩላለን። ባቱን የማውቃት ቆሞ በሚጠጣ ማኪያቶና በመጸዳጃ ቤት ሰልፍ ነው። ሻላን ደግሞ የማውቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "ያውላችሁ ሻላ!" ብዬ ለልጆቹ በመስኮት አሳያለሁ፣ እነርሱም ቀና ሳይሉ ያልፋል።

አዲሱ የፍጥነት መንገድ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ክፍል ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጉዞው በእጅጉ አጥሯል፤ በእርሱ ላይ መኪና አቁሞ ውኃ ማየት ግን አይፈቀድም፣ አጥሩም አያስወጣም። እንደ አንድ ለቅሶ ደራሽ አመሰግነዋለሁ፤ ለዚህ ጉዞ ግን አሮጌውን መንገድ መርጫለሁ። አህያውም ባጃጁም፣ በየመንደሩ መግቢያ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው።

የቆቃን ጉዳይ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ እኛም በአጭሩ ነው የምናልፈው። ውኃው ሰው ሠራሽ ነው፤ ግድቡ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀቀ ሲሆን አዋሽን አቁሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በመንገዱ ዳር ልጆች በገመድ የተሰካ ዓሣ ከፍ አድርገው እያሳዩ መኪና ይጠብቃሉ። ባለቤቴ እዚያ ላይ ቲማቲምና ሐብሐብ እንግዛ ማለቷ ስለማይቀር ሃያ ደቂቃ ይዤላታለሁ።

ስለ ዝዋይ ሳነብ ግን ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ፤ ዕቅዱ ከተራ ሽርሽር ወደ ሌላ ነገር የተለወጠብኝም ከዚያ በኋላ ነው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት አራት ሐይቆች አልነበሩም፤ አንድ ነበሩ። ዝናቡ ከዛሬው በእጅጉ በሚበልጥበት በዚያ ዘመን ውኃው ሞልቶ ተገናኘ፣ ከዛሬው የሻላ ወለል ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ አለ፣ የሚፈስበት ሲያጣም በሰሜን በኩል ተርፎ ወደ አዋሽ፣ ማለትም ወደ እኛው አቅጣጫ ፈሰሰ። የምድር ሳይንስ ሰዎች ይህን ያረጋገጡት በቡልቡላ ወንዝ ገደላ ገደል ውስጥ ተነባብሮ የሚታየውን ነጣ ያለ ደለል አጥንተው፣ በውስጡ የቀሩትን ጥቃቅን ዛጎሎች ዕድሜ ለክተው ነው። እንግዲህ ከመቂ አልፈን እስከ አርሲ ነገሌ አቅራቢያ ስንነዳ የኖርነው በአንድ ትልቅ ሐይቅ ወለል ላይ ነበር ማለት ነው። ባቱ ከተማ ራሷ፣ ማኪያቶ የምንጠጣባት ደጃፍ ሳትቀር፣ ያን ጊዜ ውኃ ሥር ነበረች።

ይህን ለባለቤቴ ሳነብላት ብዙ አላለችም። ተነሥታ ዛጎሉን ከቴሌቪዥኑ ጎን አነሣችና አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መለሰችው። "እኛ ጋርም ነበራ!" አለች።

ውኃዎቹ ዛሬም ቢሆን ፈጽሞ አልተለያዩም። የመቂና የቀታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ይገባሉ፤ ዝዋይ በቡልቡላ በኩል ወደ አቢጃታ ይሰጣል፤ ላንጋኖም በሆራ ቀሎ ወንዝ አድርጎ እንዲሁ ወደ አቢጃታ ይሰጣል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ዝዋይ ላይ የምናየው ውኃ ዕድሜ ከሰጠው ዓርብ የምናየው አቢጃታ ዘንድ የሚሄድ ውኃ ነው። "ዕድሜ ከሰጠው" ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ የሚቀዳው ውኃ እየበዛ፣ ከአቢጃታ ራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ እየተሳበ፣ ሐይቁ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ክፉኛ ሸሽቷል። ቀድሞ ፔሊካኖቹ ሻላ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ እንቁላላቸውን ይጥሉና ለምግብ ግን ወደ አቢጃታ ይበርሩ ነበር፤ ጨዋማና ጥልቅ የሆነው ሻላ ዓሣ አይበረክትበትምና። የአቢጃታ ውኃ ሲያንስና ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፣ ፔሊካኖቹም ተመናመኑ። ለፍላሚንጎዎቹ ግን ጨዋማው ውኃ ይስማማቸዋል፤ ዳርቻው ላይ እንደ ሮዝ ክር ተሰልፈው ይታያሉ። ወደ እነርሱ ለመጠጋት ብሎ ሐይቁ ጥሎት የሸሸውን ነጭ ሜዳ በመኪና የሚደፍር ሰው ግን ላዩ የደረቀ መስሎ ሥሩ ጭቃ በሆነ መሬት ውስጥ ይሰምጣል። የኛ ቪትዝ ኮረብታው ላይ ትቀራለች፤ በስተቀኝ አቢጃታን፣ በስተግራ ሻላን አንድ ላይ ከሚያሳየው ቦታ።

ዕቅዱን ወደ ማውጣቱ ልመለስ። ሙያዬ ሒሳብ ሠራተኝነት ስለሆነ ነገር ሁሉ ሠንጠረዥ ካልሆነ አይዋጥልኝም። በኤክሴል ዐሥራ አንድ ማቆሚያ ያለው፣ ሰዓቱና የቤንዚኑ ሊትር የተሰላ፣ ዓምዶቹ ቀለም የተቀቡ ዕቅድ አዘጋጀሁ። ሐሙስ በጠዋት ባቱ ደርሰን በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ እንሻገራለን። ዝዋይ ከሻላ በተቃራኒ ጥልቀቱ ከዐሥር ሜትር የማይሞላ ሐይቅ ነው፤ በላዩ አምስት ደሴቶች ሲኖሩ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። የደሴቶቹ ባለቤቶች የዛይ ሕዝብ የራሳቸውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ ዮዲት አክሱምን ባጠፋችበት ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደዚያ ሸሽታ ተጠብቃለች የሚል ትውፊትም አላቸው። ጀልባው በጠዋት መነሣት አለበት፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ውኃው ይናወጣል። ከዚያ ተመልሰን ቆሮሶ ጥብስ እንበላለን፤ ሐሙስ ስለሆነ ችግር የለም። ዓርብ ግን ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በቤታችን ከተዘጋ ቆይቷል፤ እርሷ አትበላም፣ እኔም ብቻዬን መብላት አልወድም። ስለዚህ የዓሣው ቀን ሐሙስና ቅዳሜ እንዲሆን ጉዞውን አደላድዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጀልባዎቹ ሲገቡ እንድንደርስ አደረግሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው መሀል ቆመው የዓሣ ሆድቃ ሲጠብቁ፣ ራሰ በራ ሽማግሌዎች የተሰበሰቡበት የዕድር ስብሰባ ይመስላሉ።

ሐዋሳ ላይ ስጋቴ አንድ ብቻ ነበር። ጥር የሠርግ ወር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ወር አንድ ሆቴል ቀብድ ከፍዬ ስደርስ ክፍሌን ለሙሽራው ሚዜዎች ሰጥተውት አገኘሁ፤ ገንዘቤን ለማስመለስም ሁለት ወር ፈጀብኝ። ዘንድሮ ተስፋዬን በእህቷ ቤት ላይ አድርጌ ነበር። ባለቤቴ ግን "እዚያ ካደርንማ ሽንኩርት ስልጥ ነው የምውለው" ብላ አልተቀበለችኝም። ትክክል ናት። ትንሽ፣ ስሟ የማይታወቅ፣ የሠርግ አዳራሽ የሌላት ማረፊያ አግኝተናል።

አርባ ምንጭንም አስቤ ነበር። ቀላ ያለውን አባያንና ሰማያዊ የሆነውን ጫሞን የእግዜር ድልድይ ከሚለያቸው ቦታ ላይ ቆሞ ማየት ለእንዲህ ያለ በዓል የተፈጠረ ነገር ነው። ነገር ግን በሦስት ቀን ውስጥ በሶዶ ዞሮ መመለስ ማለት እንደገና በመስኮት ማየት ማለት ነው። ለሃያ አምስተኛው ይቆይ ብዬ ሰረዝኩት።

ሠንጠረዡን በኩራት ሳሳያት ከላይ እስከ ታች ረጋ ብላ አነበበችው። ከዚያም "ይሄ'ኮ የለቅሶ ጉዞ ነው" አለችኝ። አልገባኝም። ጣቷን በሰዓቶቹ ዓምድ ላይ እያስኬደች "እዚህ ሃምሳ ደቂቃ፣ እዚህ አንድ ሰዓት ከሩብ፤ ደርሰን፣ አይተን፣ ተነሥተን ነው። ለቀስተኛም እንዲሁ ነው የሚያደርገው" አለችኝ። ተከራከርኳት፤ ቤንዚኑን የተሰለፍኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ቀን ፈቃድ የለመንኩት እኔ ነኝ፣ ይህን ሁሉ ማየት ከተፈለገ ጊዜ መመደብ ግድ ነው አልኳት። እርሷም ድምጿን ሳትጨምር "እኔ መች ሁሉን ልይ አልኩ? ቁጭ ብዬ ልስማው ነው ያልኩት" አለችኝ።

"አሳየኝ" ነበር ያለችው፤ "ልስማው" አላለችም። ይህን ልጠቅስባት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ግን ዓይኔ ዛጎሉ ላይ ዐረፈና ዝም አልኩ። ከአሰብ የደረሳት ድምፁ ብቻ ነው። አባቷ ከመንገድ በመጡ ቁጥር እግራቸውን እያጠበች ስለ ባሕሩ ምን ትጠይቃቸው እንደ ነበር አንድ ጊዜ ነግራኛለች፤ ቀለሙን ወይም ስፋቱን ሳይሆን ሌሊት ጋቢናው ውስጥ ተኝተው ሳለ ምን ምን እንደሚል ነበር የምትጠይቃቸው።

ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ። ከስድስቱ ውኃዎች ጮክ ብሎ የሚናገረው የትኛው ነው? ሻላ በጥልቀቱ አንደኛ ነው፣ ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ዳርቻው ላይ ፍል ውኃው ይንተከተካል እንጂ ሌሊቱን አድሮ ለማዳመጥ የሚሆን ቦታ አይደለም። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው ፍቅር ሐይቅ የሚባለው መዝናኛ ቅዳሜ ቀን ከሙዚቃው ብዛት ራስን መስማትም ያስቸግራል። ቀሪው ላንጋኖ ነው። ቡናማ ውኃውን ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ቀለሙ በውስጡ ከተንሳፈፈው የማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር የመጣ ነው፤ ቢልሃርዝያ የለበትም ተብሎም ዋናተኛ ሁሉ የሚመርጠው እርሱን ነው። አሸዋ ዳርቻ አለው። ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበል ይሠራና አሸዋው ላይ እየመታ ይመለሳል። በሠንጠረዤ ውስጥ በላንጋኖ አንጻር በቀይ "ከ8 ሰዓት በኋላ ነፋስ ስላለ አይመችም፤ ቀድሞ መነሣት" ብዬ የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

አሁን ዕቅዱ በኤክሴል የለም። ፍሪጁ ላይ በተለጠፈ የደብተር ወረቀት ላይ ነው። ከዐሥራ አንዱ ማቆሚያ የተረፉት አራት ብቻ ናቸው። ቱሉ ጉዶ ተሰርዟል፤ ቅር ብሎኛል፤ ይሁን። ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ማለዳ ላንጋኖ ነን፤ አቢጃታና ሻላ በዓርብ ጠዋት ይታያሉ፣ ከዚያ ወደዚያው አሸዋ እንመለሳለን። ከዓርብ ቀን አንጻር የነበረውን የኔን ማስጠንቀቂያ ባለቤቴ በእርሳስ ሰርዛ ከሥሩ በራሷ እጅ ጽፋበታለች፦ "ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ነፋስ።" ሌላ ምንም የለበትም። ምሳም አልተጻፈበት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ናትና አያስፈልጋትም።

ዛጎሉ ይሂድ አይሂድ ገና አልተስማማንም። እኔ መንገድ ላይ ይሰበራል እላለሁ፤ እርሷ በኤንትሬ ከአሰብ ድረስ መጥቶ የተሰበረበት አንድ እሾህ ብቻ ነው ትላለች። ነገ ጠዋት ጎሚስታ ዘንድ እሄዳለሁ፤ የኋላው የግራ ጎማ ቀስ እያለ እየተነፈሰ ነው።